ሦስት ግማሽ ቶን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ነፍሷን ይማርና፣ ሳልነግራት ሞተች። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ሙዚቀኛ መሆኔን ስለሚያውቁ በየዐቢይ ጾሙ መግቢያ የሚጠይቁኝ ነገር የታወቀ ነው፤ መጠጥ፣ ሴት፣ በጾም ቀን ዘፈን ቤት መገኘት። ለሦስቱም መልስ አላጣም። ስግደቴን ተቀብዬ፣ ወገቤን ይዤ እመለሳለሁ። "ደምሴ፣ የኪቦርድህን ቁልፍ ተጭነህ የሰው ሕይወት አበላሽተህ ታውቃለህ?" ብለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። እንዴትስ ይጠይቁኛል? እንዲህ ያለ ኃጢአት መኖሩን ማን ነግሯቸው? እኔም ያልተጠየቅኩትን አልመልስም እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ለዛሬ የነፍስ አባቴ ሁኑ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። መሃል ላይ አታጽናኑኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርቱም ውስጥ በጣቶቼ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። በጎረምሳነቴ የክፍለ ጦር የሙዚቃ ክፍል ገብቼ ኖታ ተማርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ከጓደኞቼ ጋር በመተማ በኩል ተሻገርኩና ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየሁ። በሠርግና በክርስትና ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ በቀረው ቀን የሐበሻ ልጆችን ሙዚቃ አስተምራለሁ። ሱዳኖቹ ኪቦርዱን ኦርግ፣ እኔን ኡስታዝ ይሉናል። ኡስታዝ ማለት መምህር ነው። ሰው ሲጠራኝ ደረቴ ይነፋ ነበር፤ ዛሬ ቃሉ ሲሰማኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው የተጠራ ለማስመሰል ይቃጣኛል።

የሥራችንን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለሱ ጥፋቴ አይገባችሁም። የዘፋኝ ድምፅ ከፍታው ይለያያል። አንዱ ከፍ ሲል ይመቸዋል፣ ሌላው ዝቅ ሲል። ደንበኛ ሙዚቀኛ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ የጣቱን አቀማመጥ ቀይሮ በሌላ ቶን ይጫወታል። እንደ እኔ ያለው ሰነፍ ግን ሁሉንም ዘፈን በአንድ የጣት አቀማመጥ ይለምድና ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ይጫናል። ትራንስፖዝ ትባላለች። አንዴ ስትጫናት መሣሪያው በሙሉ ግማሽ ቶን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቴ ስትጫናት ሁለት ግማሽ ቶን። ጣትህ የሚነካው ያንኑ የለመደውን ነው፤ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። በስንት እንደተነሳ ቁጥሩ ትንሿ ስክሪን ላይ ይወጣል። ስክሪኗ ደግሞ ፊቷ ወደ ተጫዋቹ ነው፤ ዘፋኙም ሕዝቡም አያያትም። የዘፋኞቼን ሁሉ ቁጥር በደብተር ጽፌ እይዝ ነበር። የአንዱ ወደ ላይ ሁለት፣ የሌላው ወደ ታች አራት። የትርንጎ ቁጥር ዜሮ ነበር። ኪቦርዱ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ምንም ሳይነካ፣ ለእሷ ልክ ነበር።

ትርንጎ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ትልቅ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ፓስፖርቷ በማዳሟ ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ካለቀ ቆይቷል፤ ማዳሚቱ "ኢንሻላህ ቡክራ" እያለች ከነገ ወደ ነገ ታሸጋግራታለች። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ቀን ትወጣለች። እኔ ቤት መጀመሪያ የመጣችው ተማሪዬ የሆነች ጓደኛዋን ተከትላ ነው። በር አጠገብ ተቀምጣ ስታንጎራጉር ሰማኋትና "እስቲ ከፍ አድርጊው" አልኳት። የቤተ ክርስቲያን መዘምር ስለነበረች አፍራ መዝሙር ዘመረች። ያን ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ይህን ማንም እንዲክደኝ አልፈልግም። ቀጥሎ የተሰማኝ ግን ቅናት ነበር። አርባ ዓመት ልሞላ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ስንት ዘመን የተማርኩት ሰውዬ፣ ወለል ስትወለውል የከረመች ልጅ ሳትማር ያገኘችውን አላገኘሁትም።

ሁለት ዓመት አስተማርኳት። ክፉ መምህር አልነበርኩም፤ ኃይለኛ ነበርኩ። ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረችኝ። ልጅ ሲስት "መሣሪያው ከፍ ብሎ ነው" ካለ አስወጣዋለሁ። "መሣሪያ አይዋሽም፤ የሚሳሳተው ሁልጊዜ ጉሮሮ ነው" እላቸዋለሁ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሰበብ ያስጥላል። ሌሎቹ ልጆች እየሳቁ ይደግሙት ነበር። ትርንጎ ግን አትስቅም። እንደ ጸሎት ነው የያዘችው። ስትሳሳት ከንፈሯን ነክሳ "እኔ ነኝ ጋሼ፣ ድገምልኝ" ትለኛለች።

በአርቦቿ ቀን ሠርግ ከገጠመ አብራኝ ትዘፍን ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የሚቀጥሩኝ ሰዎች "ያቺ ልጅ ትመጣለች?" ብለው ሳይጠይቁ ቀን የማይቆርጡ ሆኑ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት "ልጅቷ ካልመጣች ይቅር፤ ቴፕ እናጫውታለን" አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ከነአነጋገሯ አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ሙርተዳ ልምጣ። ሙርተዳ ቡሪ ሰፈር የሚኖር ዑድ ተጫዋች ነበር፤ የራሱ ባንድ ያለው፣ በሙዚቀኞች ዘንድ የተከበረ ሱዳናዊ። የሐበሻ ዘፈን ነፍሱ ነው። እኔ ባንዱ ውስጥ ለመግባት ስንት ዓመት ደጅ ጠናሁት! አንዴ አስጠርቶ ሲሰማኝ ቆየና ሳቅ ብሎ "ደምሴ፣ እጅህ ጥሩ ነው። ግን ያቺ ቁልፍ ከሌለች አንተም የለህም" አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ራት አልበላሁም።

ይህ ሰው ትርንጎን ሐጅ ዩሱፍ በአንድ ሠርግ ላይ ሰማት። በማግስቱ ደወለልኝ። "አርብ ቡሪ ይዘሃት ና። አንተው አጅባት፣ ረጋ ብዬ ልስማት። እንደ ትናንቱ ከሆነች እወስዳታለሁ" አለኝ። ከፊሏ፣ ማለትም ዋሷ፣ ራሱ ሊሆን፣ ኢቃማ ሊያወጣላት፣ ፓስፖርቷንም ከማዳሚቱ እጅ ተቀብሎ ሊሰጣት ቃል ገባ። የማዳሚቱን ባል ያውቀዋል። ልብ በሉ፤ ለትርንጎ ይህ ዘፋኝነት ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቪላ መውጫዋ ነበር። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ አላስችል ብሎኝ፣ "ኦርጉንስ ማን ይጫወታል?" አልኩት። "አልሐምዱሊላህ፣ ኦርግ ተጫዋች አለኝ" አለኝ።

ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አጎንብሳ ጉልበቴን ልትስም ቃጣች። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ተነሺ፣ ምን አደረግኩልሽ" አልኳት።

ያ ሰሞን ከሻ ነበር፤ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱ እያፈሰ የሚጭንበት ጊዜ። ስለዚህ ትርንጎ ከጓደኛዋ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ተውሳ ተጠቀለለች። ኪቦርዱን ጭነን በአምጃድ፣ በትንሿ የታክሲ ሚኒባስ፣ ተሳፈርን። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ፖሊሶች መኪናዋን አስቆሟት። አንዱ ጎንበስ ብሎ አያትና "ዲ ሚኑ?" አለኝ፤ ማን ናት? ትርንጎ የእጅጌዬን ጫፍ ያዘች። "ዲ ቢቲ" አልኩት። ልጄ ናት። ፊቴን አየ፣ ኪቦርዱን አየ፣ "ያላ" ብሎ አሳለፈን። ትርንጎ እስክንወርድ ድረስ የእጅጌዬን ጫፍ አልለቀቀችም። ልጄ ናት ባልኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው ያን ያደረግኩባት።

ሙርተዳ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ፣ ሁለት የባንዱን ሰዎች አስቀምጦ ጠበቀን። ሻይ በናና ቅጠል ቀረበ። ትርንጎ ውኃ ብቻ ጠጣች። ሙርተዳ ዘመዶቿን፣ ሀገሯን፣ ጤናዋን ጠየቃት፤ ተሰባብሮ በሚወጣ ዓረብኛዋ መለሰችለት፤ ሰዎቹ ሁሉ ፈገግ አሉ። እኔን የጠየቀኝ መሰኪያው የት እንዳለ አይቼ እንደሆነ ነው። ኪቦርዱን ተከልኩ። አጠገቤ መጥታ ቆመችና በጆሮዬ "ጋሼ፣ አንተ ካለህ አልፈራም" አለችኝ።

አበራሁት። ስክሪኗ ላይ ዜሮ ወጣ።

እዚህ ላይ "ጣቴ ሳላስበው ሄደ" ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት ለራሴ እንዲህ እያልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ውሸት ነው። ጣት ብቻውን የት ይሄዳል? እኔ ነኝ የተጫንኩት። አንድ። ቀና ብዬ ሙርተዳን አየሁት። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ ለእሱ እኔ ኪቦርዱ የቆመበት እግር ነኝ። ሁለት። ሦስት። ቁልፏ ድምፅ የላትም። ማንም አልሰማም።

ለምን ሦስት? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሁለት ቢሆን ኖሮ እንደምንም ትወጣው ነበር። አራት ቢሆን ገና ስትጀምር ይታወቅ ነበር። ሦስት ልክ ነው። ጉሮሮዋ የት ላይ እንደሚያልቅ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ያወቅኩት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስተምራት ነው። የመታኋት ባስተማርኩበት ነገር ነው።

ዘፈኑ የባቲ ቅኝት ነው፤ አጀማመሩ ረጋ ያለ፣ ከፍታው አዝማቹ ላይ የሚመጣ። ስትገባ ትንሽ ደነገጠች። ወደ እኔ አየት አደረገች። ራሴን ነቀነቅኩላት፤ ቀጥይ። ቀጠለች። ሙርተዳ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱ ላይ ያንን የማውቀውን ደስታ አየሁ። ከአዝማቹ በፊት እኔ ለብቻዬ የምጫወተው አጭር ቦታ አለ። ግራ እጄ ባዶ ነበር። ሦስቴ ወደ ታች መጫን ነው፤ በቃ። ዘፈን መሃል ቶን መለወጥ የተለመደ ነው፣ ማንንም ቅር አያሰኝም። "ተው ደምሴ" አልኩ በሆዴ። አልሰማሁም እንዳልል በደንብ ሰምቼዋለሁ። አልተውኩም።

አዝማቹ ላይ ደረሰች። ድምፅዋ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ያቆማል። እሷ ግን "ብትሳሳቺም አታቁሚ" ብዬ ያስተማርኳት ተማሪዬ ናት። ለሁለተኛው ዙር ትንፋሽ ወሰደች፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ እንደገና ሞከረች። እንደገና ተሰነጠቀ። ከባንዱ ሰዎች አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔ እጫወታለሁ። አንድም ቦታ አልሳትኩም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጣርቼ ተጫውቼ አላውቅም።

ሲያልቅ ሙርተዳ ቀስ ብሎ አጨበጨበ። ያየው ግን እኔን ነው፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ "ማሻላህ። ኢንሻላህ እንደዋወላለን" አለ። ካርቱም የኖረ ሰው ያ ኢንሻላህ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ትርንጎም አወቀችው። ኪቦርዱን አጠፋሁት። ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል፤ መልሰህ ስታበራው ከዜሮ ነው የሚነሳው። እኔን የሚከስ ነገር በዚያ ግቢ ውስጥ አልቀረም።

ስንመለስ አምጃድ ውስጥ ጉሮሮዋን በመዳፏ ይዛ ተቀምጣለች። ድልድዩን ስናልፍ "ጋሼ፣ መሣሪያው ከፍ ያለ መሰለኝ" አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ራሷ ቶሎ ብላ "አይ፤ መሣሪያ አይዋሽም። እኔ ነኝ" አለች። ከእኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ሾፌሩን "አዙረው" ብል ሙርተዳ ገና ከግቢው አልተነሳም ነበር። እኔ ያልኳት "ድምፅሽ ደክሟል፤ ለጥቂት ወር አሳርፊው" ነው። ይህን ያልኩት በሐኪም አነጋገር፣ በርኅራኄ ነው። ትከሻዋንም መታ መታ አድርጌያታለሁ።

ከቁልፏ ይልቅ ይህ ይብሳል። ቁልፏን ስጫን ያመመኝ ቅናት ነው ልበል፤ ይህንንስ ምን ልበለው? ደግሞ በዚህ አላበቃም። በሁለተኛው አርብ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። "መዝሙሩን ትቼ ወደ ዘፈን ስለሄድኩ እግዚአብሔር ነው የወሰደብኝ። ሁለተኛ ላልዘፍን ተስያለሁ" አለችኝ። እኔ የሠራሁትን ለእግዚአብሔር ስትሰጠው ቆሜ አየሁ። ያን ቀን ጣቴ ምንም አልነካም፤ ዝም ብዬ ብቻ ነው ያጠፋሁት።

ትርንጎ ወደ ካፉሪ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያን አልፎ አልፎ አያት ነበር፤ ከመዘምራኑ ወጥታ ከኋላ ትቆማለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። እኔስ? ጥቂት ሠርግ ሠራሁ። ሰዉ "ያቺ ልጅስ?" ሲለኝ "ታማለች" እላለሁ። ከዚያ መጠራቱም ቀረ። ያስቀረኋት ከእኔ እንዳትርቅ ከሆነ፣ አልቀረችልኝም። ሙርተዳ እንዲወስደኝ ከሆነ፣ አልወሰደኝም። ለክፋቴ ዋጋ የሚሆን ነገር እንኳን አላገኘሁበትም፤ ባገኝስ ኖሮ ይቀልልኝ ነበር ወይ?

ሁለት ዓመት አልፎ አንድ የምናውቀው ከበሮ መቺ ሞተና ለቅሶ ቤት ከሙርተዳ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ ሟቹ ስንጫወት ቆየንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያቺ ልጅህ እንዴት ናት?" አለኝ። ከዚያ ምን እንዳለኝ ስሙ። "ያን ቀን ቶኑን እንዳነሳኸው ሰምቻለሁ። አርባ ዓመት ዑድ ይዤ ይህ ይጠፋኛል? እንደ አባት ሆኖ ሊሰጠኝ አልፈለገም፣ አይሆንም ማለት አሳፍሮት ነው ብዬ ተረዳሁህ። ማዓለሽ፣ አልተቀየምኩህም" አለኝ። ክፋቴን በጨዋነት ተርጉሞልኝ፣ ለሁለት ዓመት በእሱ ዓይን ጨዋ ሆኜ ኖሬያለሁ። ከዚያ ደግሞ "አሁንም ብትፈቅድ እወስዳታለሁ" አለኝ።

አሁንም ብትፈቅድ! ሁለተኛ እድል በእግሩ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። "አገሯ ገባች" የሚል ነው የወጣው። ለምን? እሷ ከዘፈነች መሣሪያው እንደነበር ታውቃለች፤ ሙርተዳም በሆነ ቀን ይነግራታል። ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

በዓመቱ የትርንጎ እናት ጎጃም ሞተች። ማዳሚቱ ፓስፖርቷን አልሰጥም አለች፤ "ከሄድሽ አትመለሺም" ብላ። አንድ ቀን ብቻ ፈቅዳላት ሐጅ ዩሱፍ ጓደኛዋ ቤት ተቀመጠች። እኔም ለቅሶ ደረስኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ፣ መምህሯ አይደለሁ? የሀገሯ ሴቶች ከበዋታል። አንዲት ትልቅ ሴት "እናትሽን አንቺ ነሽ የምታወጫት፤ እግዚአብሔር ድምፅ የሰጠው ላንቺ ነው፣ አውጪላት" አለቻት። ሙሾ እንድታወርድ ማለቷ ነው። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። "ድምፅ የለኝም" አለች። ሴትየዋ ደግማ ለመነቻት። "የለኝም እኮ እማማ" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላ ሴት፣ እናቲቱን አይታት የማታውቅ ሴት፣ አወረደችላት። እኔ ከወንዶቹ ጋር አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያለው ሰውዬ አዘንኩ መስሎት ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ። ሙርተዳን እውነቱን ነግሬው ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ ያን ቀን ፓስፖርቷን ይዛ እናቷ መቃብር ላይ ትቆም ነበር፤ በዚያ ድምፅም ታወጣት ነበር። በዚያ ቀን መናገር ነበረብኝ። ቡና ጠጥቼ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ትርንጎ ከዚያ ቤት የወጣችው ከእኔ ጥፋት አራት ዓመት ዘግይታ ነው። አንድ ሴራሚክ ሠራተኛ የሀገሯን ልጅ አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች። ጦርነቱ መጣ። ሙርተዳ ካይሮ ገባ ሲሉ ሰማሁ። እነ ትርንጎ ገዳሪፍ ተሰደው ቆዩ። የእኔም ቤት ተዘረፈ፤ ያ ኪቦርድ ከነኃጢአቱ ሄደ። ነገሩ ሲረግብ ሌላ አሮጌ ኪቦርድ ገዛሁና በሶላር እያበራሁ ለቀሩት ጥቂት ልጆች ማስተማር ጀመርኩ። ይህኛውም ያቺ ቁልፍ አለችው።

ከሁለት ወር በፊት አርብ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ትርንጎ ናት፤ የሰባት ዓመት ልጇን በእጇ ይዛ። ጠቁራለች፣ ቀጥናለች፤ ፈገግታዋ ያው ነው። "ጋሼ፣ እንኳን በሕይወት አገኘሁህ" ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ "ቅድስት ድምፅ አላት። የእኔ ዕጣ እንዳይደርስባት ብዬ ነው ወዳንተ ያመጣኋት፤ ጉሮሮ እንዴት እንደሚጠበቅ የምታውቀው አንተ ነህ" አለችኝ።

ከእነሱ በፊት የወጣው ተማሪ ቁጥሩ ሁለት ነው። ወደ ዜሮ መመለስ ረሳሁ፤ በዚህኛው እምላለሁ፣ ረስቼ ነው። ልጅቷን አንድ የምታውቀውን የልጆች ዘፈን አስጀመርኳት። ድምፁን አወቅኩት፤ የእናቷ ነው። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመችና "ማማ፣ ዓሊ ሸዲድ! ኦርጉ ነው፣ እኔ አይደለሁም" አለች፤ በጣም ከፍ ብሏል ማለቷ ነው። ትርንጎ ተቆጣች። "ዝም በይ! መሣሪያ አይዋሽም። የሚሳሳተው ሁልጊዜ ጉሮሮ ነው" አለቻት።

የእኔው ቃል ነው። ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ እሷን ጨርሶ፣ አሁን በሰባት ዓመት ልጅ ላይ ሊጀምር ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፣ እጇን ወደ ጉሮሮዋ ወሰደች። ልክ እንደ እናቷ፣ በመዳፏ።

"ይዋሻል" አልኩ።

ትርንጎ አልሰማችኝም መሰለኝ። ተነሳሁና ኪቦርዱን አዙሬ ስክሪኑን ወደ እሷ መለስኩት። ሁለት ዓመት ስትዘፍንበት የኖረችውን ዓይነት መሣሪያ በዚያ በኩል አይታው አታውቅም ነበር። ቁጥሩን በጣቴ አሳየኋት። አንድ ቁልፍ ነክቼ አሰማኋት። ወደ ዜሮ አወረድኩና ያንኑ ነክቼ አሰማኋት። እንደገና ከፍ አደረግኩት። ቁጥሩን አየች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ ብዙ ቆይታ ፊቴን አየች።

"የዚያን ቀን ስንት ነበር?" አለችኝ።

"ሦስት።"

ለእሷ የነገርኳት ይህን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የቀረውን፣ ለምን እንደሆነ፣ ሙርተዳ ለቅሶ ቤት ምን እንዳለኝ፣ አልነገርኳትም። እዚህ የጻፍኩት እሱን ነው። እንድትጮህብኝ፣ እንድትረግመኝ ጠበቅኩ። የልጇን እጅ ይዛ እስከ በሩ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ከዚያ ተመለሰች። "ዝቅ አድርግላት" አለች። ጋሼ አላለችኝም።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ይመጣሉ። በዚህ ሰፈር ሌላ የሙዚቃ አስተማሪ የቀረ የለም፤ ለዚያ ይሆናል፤ አላውቅም። አታናግረኝም። ወንበሯን አንስታ ከእኔ በስተግራ፣ ስክሪኗ በምትታይበት በኩል ትቀመጣለች። ስለቷን አፍርሳ ትዘፍን እንደሆነ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት መልስ መስጠት ሌላ ሸክም ይሆንባታል። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩ አልል፣ አልነበርኩም። ድሃ ነበርኩ አልል፣ እሷ ከእኔ ትብስ ነበር። አውቄ አደረግኩት፤ ማስተካከል ስችል ደጋግሜ ዝም አልኩ።

ትናንት አርብ ነበር። መጡ። ኪቦርዱን አበራሁት። ትርንጎ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ዜሮ መሆኑን አረጋገጠች። ልጇን "ጀምሪ" ያለቻት ከዚያ በኋላ ነው።